«ኪንታሮት ይወጣል»፦ በአነስተኛ የቆዳ ቀዶ ሕክምና ላይ የቀረበ ሒስ

በከተሞች መንገድ ዳር፣ በአጥርና በክሊኒክ መስኮት ላይ ተደጋግመው ከሚነበቡ ማስታወቂያዎች መካከል ኪንታሮት እንደሚታከምና እንደሚወጣ የሚገልጹት ይገኙበታል። ጽሑፉ አጭር በመሆኑ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። አንገቱ ላይ ትርፍ ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ጣቱ ላይ ሻካራ እባጭ የወጣበት፣ በፊንጢጣው አካባቢ የሚደማ እብጠት ያስቸገረው፣ ሦስቱም ማስታወቂያው እነርሱን የሚጠራ ይመስላቸዋል። በአማርኛ ለሦስቱም የሚሰጠው ስም አንድ ነውና አልተሳሳቱም።

ሕዝብን ሕዝብ በሚያውቀው ቃል መጥራት የማስታወቂያ ተግባር ስለሆነ የጽሑፉ ባለቤት በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ወቀሳው የሚጀምረው ይኸው ቃል ከመስኮቱ አልፎ ወደ ምርመራ ክፍሉ ሲዘልቅ፣ ከዚያም በካርዱ ላይ የሕመም መለያ ሆኖ ሲሰፍር ነው። «ኪንታሮት፤ ተቆርጦ ወጥቷል» ተብሎ የተጻፈን ካርድ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ቦታው የት እንደነበረ፣ ስንት እንደነበሩ፣ መጠናቸውና መልካቸው ምን እንደሚመስል፣ በምን መሣሪያ እንደተቆረጡ፣ የተቆረጠውም ሥጋ የት እንደገባ ከዚህ ካርድ የሚገኝ ነገር የለም። ታካሚው ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ ላይ ቁስል ይዞ ቢመለስ ተረኛው ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከባዶ ነው።

የዚህ ሒስ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው። ትርፍ ሥጋን መቁረጥ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጸም ቀላል ሥራ ሲሆን፣ የሚቆረጠው ነገር በእርግጥ ትርፍ ሥጋ መሆኑን ማወቅ ግን የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። በየአካባቢው ክሊኒክ እየተለመደ የመጣው አሠራር ቀላሉን ክፍል ጠብቆ ዋናውን የሚዘልል በመሆኑ ሊታረም ይገባዋል።

የአንድ ስም ብዙ ባለቤቶች

በሕክምና አጠራር አክሮኮርዶን የሚባለው ትርፍ ሥጋ ለስላሳ፣ ቀጭን አንገት ያለውና ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ የቆዳውን መልክ የያዘ ወይም ጥቂት የጠቆረ ነው። የሚወጣውም ቆዳ ከቆዳ ጋር በሚፋተግበት በአንገት፣ በብብት፣ በጡት ሥርና በብሽሽት ላይ ነው፤ በዓይን ቆብ ላይም ይታያል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ክብደት ሲጨምርና በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። ተላላፊ አይደለም፤ ካልተነካካም አያምም። ማንም ሰው ሳያስወጣው ዕድሜውን ሙሉ ሊኖር ይችላል።

ይህን መልክ የሚዋሱ ሌሎች ሕመሞች ግን ጥቂት አይደሉም። በቫይረስ የሚመጣው እውነተኛው ኪንታሮት ላዩ ሻካራ ነው፤ ይተላለፋል፤ ከተቆረጠም በኋላ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ሞለስከም የሚባለው ደግሞ መሐሉ ሰርጎድ ያለ፣ እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ትንሽ እባጭ ነው። በሕፃን ላይ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ሲሆን፣ በአዋቂ ፊት ላይ በብዛት ሲወጣ ግን የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግ የሚጠቁም ምልክት ነው። በሽታ የመከላከል አቅሙ እጅግ በተዳከመ ሰው ላይ የክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ሞለስከም የሚመስል እባጭ በቆዳ ላይ ሊያወጣ ይችላል። እነዚህን እባጮች አንድ በአንድ እየለቀሙ ታካሚውን ያለ ምርመራ መሸኘት፣ ሊያድነው ይችል የነበረውን ምልክት አጥፍቶ መሸኘት ነው።

ለስላሳ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚሰምጥ እባጭ ኒውሮፋይብሮማ ሊሆን ይችላል። ብዙ ከሆነ ባለሙያው የታካሚውን ልብስ አስወልቆ በቡና በወተት መልክ የተበተኑ ጠፍጣፋ ምልክቶችን መፈለግ ይኖርበታል። በአዋቂ ላይ ከ15 ሚሊ ሜትር የሚበልጡ 6 ወይም ከዚያ በላይ ምልክቶች ከተገኙ፣ ጉዳዩ ቤተሰብን ጭምር የሚመለከት በዘር የሚተላለፍ ሕመም መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል። ከሕፃን ጆሮ ፊት ለፊት ከልደት ጀምሮ የሚታየው ትርፍ ሥጋም በመልኩ የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በውስጡ ልምአጥንት አለው። በክር አስሮ ማድረቅ ወይም ከላይ ከላዩ መቁረጥ ልምአጥንቱን ለቁስለትና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ከሁሉም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው በመቀመጫና በብልት አካባቢ የሚወጣው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ቂጥኝ ጊዜ በእነዚህ እርጥብ ቦታዎች ላይ ጠፍጠፍ ያሉ፣ የሚያረጥቡና በጣም ተላላፊ የሆኑ እባጮች ይወጣሉ። ሰውየው ራሱ ኪንታሮት ብሎ ነው የሚመጣው። ሕመሙ ቀደምት በሆነበት በዚህ ደረጃ፣ ለመድኃኒቱ አለርጂ ለሌለው ታካሚ ሕክምናው በጡንቻ የሚሰጥ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ ነው። መቀስ የያዘ እጅ ግን ይህን አያውቅም፤ እባጩን ያስወግዳል፣ ቂጥኙን በደም ውስጥ ይተዋል፣ የትዳር ጓደኛውንም ሳያስመረምር ይቀራል።

በመጨረሻም ካንሰር አለ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ሜላኖማ የተባለው አደገኛ ካንሰር በአብዛኛው የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በውስጥ እግር ላይ ያለ «ኪንታሮት» በተደጋጋሚ ሲላጭና ሲቃጠል ወራት ያልፋሉ፤ እነዚያ ወራት በሽታው ወደ ብሽሽት ዕጢ የሚጓዝባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። አልቢኒዝም ባለባቸው ወገኖች ላይም ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ የወጣ ማንኛውም እባጭና የማይድን ቁስል ካንሰር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ሊቃጠል አይገባውም።

አንገት የሚናገረው

የሚቆረጠው ነገር በእርግጥም ትርፍ ሥጋ ሆኖ ሲገኝ የባለሙያው ሥራ አልቋል ማለት አይደለም። ብዙ ትርፍ ሥጋ ያለበት ሰው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የተዳከመ የመሆኑና ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለበት የመሆኑ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚል በጥናት የታወቀ ነው። አንገቱና ብብቱ ጠቁሮ እንደ ከፋይ የወፈረ ከሆነ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል። ይህን ጥቁረት ብዙ ሰው እንደ እድፍ ቆጥሮ በሳሙና ሲፈትገው ይኖራል፤ ሲያፍርበትም ይኖራል። ጥቁረቱ ግን ከመታጠብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

እንግዲህ አንዲት የ45 ዓመት ሴት ማተቧ እየነካካ የሚያደማትን ትርፍ ሥጋ ለማስወጣት ወደ ክሊኒክ መጣች እንበል። የክብደቷና የደም ግፊቷ ልኬት፣ የጾም የደም ስኳሯም ምርመራ ከመቀሱ ይልቅ ለዕድሜዋ የሚጠቅም ነው። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይወሰድ የተለካ ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ተብሎ ይመዘገባል። ወደ ጤና ተቋም እግሯን ያነሳችው በትርፍ ሥጋው ምክንያት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ዕድል ካለፈ ስኳሩ ራሱን የሚገልጠው በዓይኗ ወይም በእግሯ ላይ ጉዳት ካደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል።

መቀሱና ሊያስተላልፈው የሚችለው

አሠራሩን ራሱን በተመለከተ ሙያው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ቀጭን አንገት ያለውን ትንሽ ትርፍ ሥጋ በፎርሴፕስ ይዞ ሥሩን ስለታም በሆነ ትንሽ መቀስ መቁረጥ፣ ከዚያም በንጹሕ ጎዝ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። በጣም ትንሹ ያለ ማደንዘዣ ሊቆረጥ ይችላል። ማደንዘዣ ሲያስፈልግ የአድሬናሊን ቅልቅል የሌለው ሊዶኬይን በአዋቂ ላይ በኪሎ ግራም ከ4.5 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላውም ከ300 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ባለ 2 ከመቶው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም እንደሚይዝ የዘነጋ እጅ፣ በብዙ ቦታ ላይ እየወጋ ልኩን ሊያልፍ ይችላል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ጥያቄዎችም መነሳት አለባቸው። የልብ በር የተቀየረለት ወጣት ዋርፋሪን ይወስድ ይሆናል፤ ሳይጠየቅ ከተቆረጠ መድማቱ ሊያስቸግር ይችላል። ጆሮዋ ሲበሳ ጠባሳዋ ያበጠባት ሴት ደግሞ ኬሎይድ የመውጣት ዝንባሌ አላት፤ በደረቷ ወይም በትከሻዋ ላይ በጥልቀት ማቃጠል ከትርፍ ሥጋው የከፋ ጠባሳ ሊተውላት ይችላል። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጂን የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት በቀላሉ ስለሚጎዳ፣ በጥቁር አንገት ላይ ነጭ ነጥብ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ለመልኳ ብላ የመጣችን ሴት በሌላ ነውር መሸኘት እንዳይሆን ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊነገራትና ፈቃዷ ሊጠየቅ ይገባል። በኤሌክትሪክ የሚቃጠል ከሆነም በቆዳው ላይ የተቀባው አልኮል እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ እርጥብ አልኮል በእሳት ብልጭታ ይቀጣጠላልና።

ከፍተኛው ጥፋት ግን በመሣሪያው ንጽሕና ላይ የሚፈጸመው ነው። ሥራው ትንሽ ስለሆነ መሣሪያውም ትንሽ ጽዳት የሚበቃው ይመስላል፤ መቀሱ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠረግና ወደሚቀጥለው ታካሚ ይሄዳል። ደም የነካ መሣሪያ ግን በሥራው ትንሽነት አይለካም። በተበከለ መርፌ ድንገት የተወጋ የጤና ባለሙያ በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉ 0.3 ከመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ክትባት ላልወሰደ ሰው የሄፓታይተስ ቢ ዕድል ግን እንደ ታካሚው ደም ሁኔታ እስከ 30 ከመቶ ይደርሳል። ይኸው ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። በአልኮል መጥረግ ማምከን አይደለም። መሣሪያው በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሊመክን ይገባዋል። አውቶክሌቭ የሌለው ወይም የተበላሸበት ክሊኒክ ለአንድ ሰው ብቻ በሚያገለግል ስለት ሊሠራ ይችላል፤ ያም ከሌለ ሥራውን ማቆየት አለበት። ትርፍ ሥጋ ሳይቆረጥ አንድ ወር ቢቆይ ማንንም አይገድልም።

በቤት ውስጥ በፈረስ ጭራ ወይም በክር ማሰር የቆየ ልማድ መሆኑ ይታወቃል። የጤና ባለሙያው ይህን ልማድ ሲነቅፍ ይሰማል፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው፤ በቆሸሸ ነገር የታሰረ ሥጋ ሲሞት ለመግልና ለመንጋጋ ቆልፍ በር ሊከፍት ይችላልና። ሆኖም በአልኮል የተጠረገ መቀስ የያዘ ባለሙያ ከፈረስ ጭራው ባለቤት የሚለየው በነጭ ጋዋኑ ብቻ ከሆነ፣ ነቀፋው ወደ ራሱ መመለሱ አይቀርም።

የተቆረጠው የት ገባ?

መልኩ የታወቀና ጥርጣሬ የሌለበት ትርፍ ሥጋ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ ማለት አቅምን ያላገናዘበ ምክር ይሆናል። በሌላ በኩል ምንም ነገር የማይልክ ክሊኒክ፣ በዓይኑ ብቻ ፈጽሞ እንደማይሳሳት የሚያምን ክሊኒክ ነው። ቀለሙ አንድ ወጥ ያልሆነ፣ በፍጥነት ያደገ፣ ሳይነካ የሚደማ፣ የቆሰለ፣ ሲዳሰስ የጠነከረ፣ ተቆርጦ ተመልሶ የበቀለ፣ ወይም በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር የወጣ እባጭ ያለ ናሙና ምርመራ ሊወገድ አይገባውም። እንዲህ ያለው እባጭ ናሙናው እንዴት መወሰድ እንዳለበት በሚያውቅ ባለሙያ እጅ መነሳት ይኖርበታል። መጠኑን 10 እጥፍ በሚያህል 10 ከመቶ ፎርማሊን ውስጥ ተቀምጦ፣ የታካሚው ስም፣ ቦታውና ቀኑ በዕቃው አካል ላይ ይጻፋል። ስሙ በክዳኑ ላይ ብቻ ከተጻፈ፣ ክዳን ከክዳን ሲለዋወጥ የአንዱ ካንሰር የሌላው ይሆናል።

የተቃጠለ ወይም በክር ታስሮ የደረቀ ሥጋ ለማይክሮስኮፕ የሚሆን መልክ አይቀረውም። ስለዚህም ጥርጣሬ ባለበት እባጭ ላይ እሳትና ክር መጠቀም፣ ምርመራውን ከመነሻው ማስቀረት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ወደ ላይ መላክም ልክ አለው

ከላይ የተዘረዘረውን ያነበበ ባለሙያ ሁሉንም ታካሚ ወደ ስፔሻሊስት መላክ የሚሻል ሊመስለው ይችላል። ይህም ራሱን የቻለ ስሕተት ነው። የቆዳ ሐኪም በአገሪቱ ውስጥ ቁጥሩ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነስቶ የቆዳ ሕመም ሁሉ መዳረሻ የሆነው አለርት ሆስፒታል የብዙ ክፍላተ ሀገር ታካሚ የሚጎርፍበት ነው። ከገጠር ወረዳ የመጣ ገበሬ በጬን ሸጦ፣ ለአንድ ብብት ሥር ላለ ትርፍ ሥጋ ይህን መንገድ እንዲጓዝ ማድረግ ሕመሙን በድህነት መለወጥ ነው። በዚያው ወረፋ ላይ የሥጋ ደዌ ወይም የካንሰር ምልክት ይዞ የቆመ ሰው ጊዜም ይወሰድበታል።

እንግዲህ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ድርሻ መለየት ነው። ለስላሳ፣ ባለ አንገት፣ በተለመደው ቦታ የወጣ፣ ለብዙ ጊዜ ሳይለወጥ የኖረ ከሆነ እዚያው ይሠራል። በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ያለ፣ ከልደት ጀምሮ በጆሮ አካባቢ የታየ፣ መልኩ የሚያጠራጥር፣ ወይም በሕፃን ላይ ያለ ምክንያት የበዛ ከሆነ፣ ምክንያቱ በግልጽ ተጽፎ ይላካል። ታካሚው ምንም ሳይደረግለት እንዲኖር ሲመከርም፣ ምክሩ ራሱ ሕክምና መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ክፉ ልማዶች መጠቀስ ይኖርባቸዋል። የመጀመሪያው መሣቅ ነው። «ለቁንጅና ብለሽ ነው የመጣሽው?» የተባለች ሴት ሁለተኛ አትመጣም፤ ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝም ይኸው ሣቅ ትዝ ይላታል። ሁለተኛው ክፍያን በተቆረጠው ቁጥር መተመን ነው። እንዲህ ያለ ተመን ባለበት ክሊኒክ «ይህን ተወው፣ አይጎዳህም» የሚለው ቅን ምክር ገቢ የሚቀንስ ምክር ይሆናል፤ ባለሙያውም ሳይታወቀው ከምክሩ እየራቀ ይሄዳል።

ማጠቃለያ

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አዲስ መሣሪያና ብዙ ገንዘብ አይደለም። ካርዱ ላይ ስድስት ነገር ቢሰፍር አብዛኛው ጉድለት ራሱን ይገልጣል፤ ይኸውም እባጩ የወጣበት ቦታ፣ ቁጥሩና መጠኑ፣ መልኩ፣ የተጠረጠረው ሕመም ትክክለኛ ስም፣ የተሠራው ሥራና መሣሪያው የመከነበት ሁኔታ፣ የተቆረጠውም ሥጋ የደረሰበት ነው። መልኩን መጻፍ ያለበት ባለሙያ መልኩን ማየት ይኖርበታል። ስሙን መጻፍ ያለበትም ከመቁረጡ በፊት ስለ ስሙ ማሰቡ አይቀርም።

አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ወደ ክሊኒኩ የመጣው ሰው አልደበቀም፤ ነጠላውን አውርዶ፣ ሸሚዙን ፈትቶ፣ ያፈረበትን ሥጋ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በሽታው በአንዲት የወል ስም ሥር ቢሰወር፣ የሰወረው ካርዱን የጻፈው እጅ ነው።